የጉሮሮ ሕመም ወደ ጣፊያ ሲወርድ
የሞኖኑክሊዮሲስ ከባድ መዘዞችና ሕክምናቸው



  ለዛሬ ውይይታችን መነሻ የሆነን ከአንዲት እናት የደረሰን ደብዳቤ ነው። እናቲቱ እንዲህ ይላሉ፦

«የ17 ዓመት ልጄ ከባድ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያዘው። ምራቁን እንኳ መዋጥ አቃተው። ቶንሲል ነው ብለን ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝተን ሰጠነው። ጥቂት ቀናት እንደወሰደ መላ ሰውነቱ በቀይ ሽፍታ ተሸፈነ። ጎረቤቶች ‹እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥለት› አሉን። አክስቱ ደግሞ ከግራ ጎኑ በታች እብጠት ዳስሳ ‹ጣፊያው ነው፤ ወጌሻ ይሸው› አለች። በመጨረሻ ሆስፒታል ስንወስደው ሐኪሙ ደሙን መርምሮ ‹ሞኖኑክሊዮሲስ የሚባል በሽታ ነው፤ ይረፍ፤ ውሃ በብዛት ይጠጣ፤ ሆዱን ማንም እንዳይነካው፤ ኳስ እንዳይጫወት› ብሎ ሸኘን። ከማስታገሻ በቀር መድኃኒት አላዘዘለትም። አሁን ከታመመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ትኩሳቱ ለቆታል፤ ‹ድኛለሁ› እያለ ኳስ ለመጫወት ይለምነኛል። ረመዷንም እየተቃረበ ነው። ምን ላድርግ?»

እኒህ እናት የጠየቁት ጥያቄ የብዙዎቻችን ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሽታው ምን እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚለቅ ሕመም ለምን አልፎ አልፎ ለሕይወት የሚያሰጋ እንደሚሆንና ያ በሚሆንበት ጊዜ ሐኪሞች ምን እንደሚያደርጉ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በመጨረሻም ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለሳለን ኢንሻአላህ።

በሽታው ምንድን ነው?

ኢንፌክሺየስ ሞኖኑክሊዮሲስ ባብዛኛው የሚመጣው ኤፕስታይን-ባር በሚባል ቫይረስ ነው። የቫይረሱ ታሪክ ከአህጉራችን ከአፍሪካ ጋር የተያያዘ ነው። ዴኒስ በርኪት የተባለ በኡጋንዳ ይሠራ የነበረ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ አንድ ዓይነት ካንሰር አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚሁ ጻፈ። ከዚያም አንቶኒ ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር የተባሉ ተመራማሪዎች ከኡጋንዳ ወደ ለንደን የተላከላቸውን የዕጢ ናሙና ሲመረምሩ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱ ሞኖኑክሊዮሲስን የሚያስከትል መሆኑ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በአሜሪካ በፊላደልፊያ በቬርነርና ገርትሩድ ሄንለ ቤተ ሙከራ ትሠራ የነበረች ባለሙያ በዚህ ሕመም ተያዘች። ከመታመሟ በፊት በደሟ ውስጥ ያልነበረው የቫይረሱ ፀረ-አካል ከታመመች በኋላ ተገኘ። ነገሩ የተገለጠው በዚህ መንገድ ነበር።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በዋናነት በምራቅ ነው። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአንድ ወቅት ቫይረሱ ገብቶባቸዋል። ብዙ ሰዎች በአንድ ቤት ተፋፍገው በሚኖሩበት አካባቢ አብዛኛው ሰው የሚያዘው ገና በሕፃንነቱ ነው፤ ያን ጊዜ እንደ ተራ ጉንፋን ሆኖ ሳይታወቅ ያልፋል። በልጅነቱ ሳይዘው ቆይቶ በጉርምስና ወይም በወጣትነት ዕድሜ የሚያዝ ሰው ግን ሕመሙ ይጠናበታል። ቫይረሱ ከገባ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት፣ ከባድ የጉሮሮ ሕመም፣ የአንገት ንፍፊት ማበጥና ከአልጋ የማያስነሳ ድካም ይከተላል። ትኩሳቱና የጉሮሮው ሕመም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻላል። ድካሙ ግን በአንዳንዶች ላይ ወራት ሊቆይ ይችላል።

ለምን መድኃኒት አልታዘዘለትም?

ሐኪሙ መድኃኒት ያላዘዘው ቸል ብሎ አይደለም። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይደለም። በቫይረሶች ላይ የሚሠራው አሲክሎቪርም ቢሆን በቤተ ሙከራ የቫይረሱን መራባት ቢገታም፣ ተራውን ሞኖኑክሊዮሲስ እንደማያሳጥር በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ሕክምናው ዕረፍት፣ በቂ ፈሳሽና ማስታገሻ ነው። ለትኩሳቱና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ጉበትም በዚህ ሕመም ስለሚቆጣ ከታዘዘው መጠን ማሳለፍ አይገባም። ለልጆችና ለወጣቶች አስፒሪን አይሰጥም። በቫይረስ ሕመም ጊዜ የተወሰደ አስፒሪን ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የተባለ ክፉ ሕመም ሊያስከትል ይችላልና።

በልጁ ላይ የወጣው ሽፍታስ? በሞኖኑክሊዮሲስ የታመመ ሰው አሞክሲሲሊን ወይም አምፒሲሊን ሲወስድ እንዲህ ያለ ሽፍታ መውጣቱ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚቆይ የፔኒሲሊን አለርጂ ማለት አይደለም። ሆኖም ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ስለዚህ ወደፊት መድኃኒት ሲታዘዝለት ስለ ሽፍታው መንገር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ይህን ሰምታችሁ «የጉሮሮ ሕመም ሁሉ አንቲባዮቲክ አይፈልግም» ብላችሁ እንዳትወስዱ። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በአግባቡ ካልታከመ በአገራችን ብዙ ልጆችን ለልብ በሽታ የዳረገውን የሩማቲክ ትኩሳት ያስከትላል። ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። እኛም የምንለው መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት አስመርምሩ ነው።

ሐኪም በሽታውን እንዴት ይለየዋል?

የመጀመሪያው የደም ቆጠራ ነው። በዚህ ሕመም ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ቁጥራቸው ይበዛል፤ ብዙዎቹም በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መልካቸው ተለውጦ ይገኛል። ሁለተኛው በጥቂት ጠብታ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ በመጀመሪያው ሳምንትና በትንንሽ ልጆች ላይ በሽታው እያለ «የለም» ሊል ስለሚችል፣ ሐኪሙ ከተጠራጠረ ምርመራውን ይደግማል ወይም የቫይረሱን ፀረ-አካል ያስመረምራል።

ሐኪሙ የኤች አይ ቪ ምርመራም ቢያዝ ማንም ሊከፋ አይገባም። ኤች አይ ቪ ገና በገባባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት የሚታየው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና ንፍፊት ከሞኖኑክሊዮሲስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሐኪሙ ይህን የሚያደርገው የማንንም ክብር ለመንካት ሳይሆን የሚድነውን በጊዜ ለማከም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ርዕሳችን እንግባ። ከብዙ ሕሙማን መካከል ጥቂቶቹ ከባድ መዘዝ ይገጥማቸዋል። ጥቂት ናቸው ብለን ግን የምንተዋቸው አይደሉም፤ ምልክቱን ቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላልና።

የመተንፈሻ መንገድ ሲጠብ

በዚህ ሕመም ቶንሲሎች በጣም ያብጣሉ። አንዳንዴ ግራና ቀኙ ተቀራርቦ ሊነካካ ይደርሳል። በዙሪያው ያለው ሥጋም አብሮ ሲያብጥ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል። ከመቶ ሕሙማን አንድ ያህሉ ይህ ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ምልክቱ ድምፅ መታፈን፣ ምራቅ መዋጥ አቅቶ ማዝረክረክ፣ ጋደም ሲሉ መታፈንና አየር ሲስቡ የሲር ሲር ድምፅ መሰማት ነው።

እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል የሚወሰደው ቀና ብሎ እንደተቀመጠ ነው፤ በግድ ማስተኛት አደጋውን ያብሳል። በሆስፒታል ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ ፈሳሽ በደም ሥር ይገባለታል፤ እብጠቱን የሚቀንስ ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት በመርፌ ይሰጠዋል። ብዙዎቹ በዚሁ ይሻላቸዋል። በዚህ ያልተሻለው በአፍ ወይም በአፍንጫ በኩል የመተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። ያም ካልተቻለ ሐኪሞች ከአንገት በፊት በኩል ቀዳዳ ከፍተው አየር እንዲያገኝ ያደርጋሉ። ይህ ለቤተሰብ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ጊዜያዊ ነው፤ እብጠቱ ሲወርድ ቱቦው ይወጣል። በቶንሲሉ አጠገብ መግል የቋጠረ እንደሆነም መግሉ ይፈሳል፤ አንቲባዮቲክም በዚህ ጊዜ አስፈላጊ ይሆናል።

ውድ አድማጮች፣ ስቴሮይድ ለዚህ ችግር ይሰጣል ስንል ለማንኛውም የጉሮሮ ሕመም ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ ይወሰድ ማለታችን አይደለም። ስቴሮይድ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል። ስለሆነም ለተራው ሞኖኑክሊዮሲስ አይሰጥም፤ ሐኪም ጥቅሙን ከጉዳቱ መዝኖ ለከባድ መዘዝ ብቻ ያዘዋል። የጀመረውም ሰው ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቆም የለበትም።

ጣፊያ ሲፈነዳ

«ሆዱን ማንም እንዳይነካው» የተባለበት ምክንያት ይኸው ነው። ጣፊያ ከግራ የጎን አጥንቶች ሥር የሚገኝ፣ በጤናማ ሰው ከጭብጥ የማይበልጥና በደም የተሞላ የሰውነት ክፍል ነው። በሞኖኑክሊዮሲስ ጊዜ በተለወጡት ነጭ የደም ሴሎች ተሞልቶ ይተልቃል፤ ከግማሽ ያህሉ ሕሙማን ላይም አብጦ ይገኛል። ሲያብጥ ሽፋኑ ይወጠራል፣ ይሳሳል፤ ከጎን አጥንት ከለላም ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ምት፣ ጫን ብሎ ማሸት፣ ከባድ ሸክም ማንሳት ሊያፈነዳው ይችላል። ብዙ ጊዜም ያለ ምንም ምት በራሱ የፈነዳበት አጋጣሚ አለ።

ይህ የሚደርሰው ከ1000 ሕሙማን ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ነው። አብዛኛውም ሕመሙ ከጀመረ በ3 ሳምንት ውስጥ ይከሰታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ትኩሳቱ ለቆ፣ ምግብ ጣፍጦት፣ ልጁ «ድኛለሁ» የሚልበት ጊዜና ጣፊያው ገና አብጦ ያለበት ጊዜ አንድ ሊሆን ይችላል። የልጁ ስሜት ስለ ጣፊያው አይነግረንም።

ምልክቱ በግራ በኩል ከጎን አጥንት በታች ድንገት የሚሰማ ከባድ ሕመም ነው። ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻ ሊወጣ ይችላል። «ትከሻውን ብርድ መቶት ነው» ብለን እንዳንታለል። ወዲያው ላብ፣ ማዞር፣ መገርጣትና የልብ ምት መፍጠን ከተከተሉ ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

በሆስፒታል መጀመሪያ የሚደረገው በሁለት የደም ሥር ፈሳሽ ማስገባት፣ የደም ዓይነት መለየትና በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ሆድን ማየት ነው። የደም ግፊቱ ካልወረደና መድማቱ ከቆመ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በጥብቅ ክትትል ለቀናት ተኝቶ እንዲድን ይሞከራል። ተቋሙ ባላቸው ቦታዎች የሚደማውን የደም ሥር በቀጭን ቱቦ ገብቶ መድፈንም ይቻላል። የደም ግፊቱ የወረደበትና ደም እየተሰጠው የማይረጋጋ ሕመምተኛ ግን በአፋጣኝ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ጣፊያው ይወጣል። በዚህ ሰዓት የሚያድነው በደም ባንክ የተቀመጠ ደም ነው። ደም ደግሞ ከፋብሪካ አይመጣም፤ የሚገኘው ጤነኛ ሰው በፈቃዱ ሲለግስ ነው።

ጣፊያ የወጣለት ሰው በደህና ይኖራል፤ ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ጣፊያ ደምን ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚያጸዳ በመሆኑ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባቶችን መውሰድ አለበት። ትኩሳት በተሰማው ቁጥር «ነገ አየዋለሁ» ሳይል በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ወባ ወዳለበት አገር ሲጓዝም አስቀድሞ ሐኪም አማክሮ መከላከያ መያዝ ይኖርበታል፤ ጣፊያ በሌለው ሰው ላይ ወባ ይበረታልና።

ደም ሲጎዳ

አንዳንዴ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው ፀረ-አካል የራሱን የደም ሴሎች ይመታል። ቀይ የደም ሴሎች ሲሰባበሩ ሕመምተኛው ይገረጣል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ጥቂት እንደተራመደ ትንፋሽ ያጥረዋል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶች ሲያንሱ ደግሞ ነስር፣ የድድ መድማትና በቆዳ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

የፕላትሌት መጠነኛ መቀነስ የተለመደ ነው፤ ያለ ሕክምናም ይመለሳል። በጣም ሲወርድና መድማት ሲጀምር ስቴሮይድ ይሰጣል፤ ካስፈለገም ከብዙ ለጋሾች ደም የተዘጋጀ ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለ መድኃኒት በደም ሥር ይጨመራል። ቀይ የደም ሴል ለሚሰባበርበት ሕመምተኛ እንዳይበርደው ሙቀት ይጠበቅለታል፤ ደም መስጠት ካስፈለገም እንዲሞቅ ተደርጎ ይሰጣል። የዚህ ዓይነቱ ፀረ-አካል በብርድ ጊዜ ይበረታልና።

አንጎል፣ ነርቭና ጉበት

ከመቶ ሕሙማን ጥቂቶቹ የነርቭ ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። የአንጎል ሽፋን ወይም የአንጎል ብግነት ሲሆን ከባድ ራስ ምታት፣ የማጅራት መድረቅ፣ መዘባረቅ ወይም የሚጥል ሕመም ይታያል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሌላ ነገር ነክቶት ነው» ብሎ ሊዘገይ ይችላል። ዱዓው አይቅር፤ ሕክምናውም ግን በዚያው ሰዓት ይጀመር። ሐኪሞች ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ ወስደው ይመረምራሉ። መንስኤው ሄርፒስ የተባለው ሌላ ቫይረስ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስም አሲክሎቪር ይሰጣሉ፤ ያኛው በጊዜ ካልታከመ ይገድላልና።

ሌላው ጊያን-ባሬ የተባለው ሲሆን፣ ድካሙ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ እጅንና መተንፈሻ ጡንቻን የሚያዝል ነው። ለዚህ ኢሚዩኖግሎቡሊን ይሰጣል ወይም ደምን በመሣሪያ የማጣራት ሕክምና ይደረጋል። መተንፈስ ካቃተው በመሣሪያ ይረዳል። አብዛኞቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያገግማሉ። የፊት አንድ ጎን መጣመምም ሊያጋጥም ይችላል፤ ይህም ባብዛኛው ይመለሳል።

ጉበት በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ በመጠኑ ይቆጣል፤ ያለ መድኃኒትም ይስተካከላል። የዓይን ቢጫነት እየባሰ፣ ሰውየው እየፈዘዘ ከሄደ ግን በሆስፒታል ክትትል ያስፈልገዋል።

ሰውነት በራሱ ላይ ሲነሳ

ከሁሉም የሚከፋው፣ ነገር ግን በጣም ጥቂት ሰዎችን የሚይዘው፣ የመከላከያ ሴሎች ከልጓም ወጥተው የራስን መቅኔ፣ ጉበትና ጣፊያ የሚያጠቁበት ሁኔታ ነው። ሐኪሞች በምህጻር ኤች ኤል ኤች ይሉታል። በዘር በሚወረስ ጉድለት ምክንያት ለዚህ የተጋለጡ ወንዶች ልጆች አሉ። ይህም ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1975 ወንዶቹ በሞኖኑክሊዮሲስ በሞቱበት አንድ ቤተሰብ ላይ ተጠንቶ ለዓለም ተገልጿል። ስለዚህ ወንድሙ ወይም አጎቱ በልጅነቱ በተመሳሳይ ሕመም የሞተበት ልጅ ካለ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ምልክቱ ከሳምንት በላይ የማይለቅ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የጉበትና የጣፊያ ማበጥ፣ የሦስቱም የደም ሴሎች ዓይነት መቀነስና በደም ውስጥ ፌሪቲን የተባለው ንጥረ ነገር እጅግ መብዛት ነው። ሕክምናው ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድና ኢቶፖሳይድ የተባለ የካንሰር መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ካንሰር ይዞታል ማለት አይደለም፤ ልጓም ያጡትን ሴሎች ለመግታት ነው። የዘር ጉድለት ላለባቸው ከዚያ በኋላ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ይህ የሕክምና ሥርዓት ከመዘርጋቱ በፊት አብዛኞቹ ሕፃናት ይሞቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከግማሽ የማያንሱት ለመትረፍ በቅተዋል።

በቤታችን የምንሠራቸው ስህተቶች

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እናቲቱ ከጠቀሷቸው ምክሮች ሁለቱ ልጃቸውን ለሞት ሊዳርጉ ይችሉ ነበር።

አንደኛው እንጥል ማስቆረጥ ነው። ይህ በማንኛውም ጊዜ ጎጂ ልማድ ነው፤ መድማትን፣ ቁስል ማመርቀዝን፣ ቴታነስን ያመጣል። በሞኖኑክሊዮሲስ ጊዜ ደግሞ ጉሮሮው ቀድሞውኑ ጠቧል፤ ፕላትሌቱም ያነሰ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ምላጭ ማሳረፍ ደሙ እንዳይቆም፣ እብጠቱም መተንፈሻውን እንዲዘጋ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ጣፊያን በወጌሻ ማሳሸት ነው። ከላይ እንዳየነው ያበጠ ጣፊያ በጣት ግፊት ሊፈነዳ ይችላል። አክስትየው እብጠቱን መዳሰሷ በቅን ልቦና ነው፤ ደግሞ ደጋግሞ መዳሰስም ግን መቅረት አለበት።

ሦስተኛ እኛ የምንጨምረው ዋግምትን ወይም ሒጃማን ነው። ሒጃማ የሚያደርጉ ወገኖች የፕላትሌት ቁጥሩ ያልታወቀ ትኩሳት ያለበትን ሕመምተኛ ቆዳ ከመብጣት እንዲቆጠቡ አጥብቀን እንመክራለን። ሕመምተኛው ድኖ፣ ደሙ ተመርምሮ፣ ከሐኪም ጋር ከተመካከረ በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው።

ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

በማቀዝቀዣችሁ ወይም በግድግዳችሁ ላይ ጽፋችሁ መለጠፍ ትችላላችሁ።

1. መተንፈስ ማስቸገር፣ ምራቅ መዋጥ አለመቻል፣ ጋደም ሲሉ መታፈን።
2. በግራ ጎን ወይም በግራ ትከሻ ድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት።
3. የማይቆም ነስር፣ የድድ መድማት፣ በቆዳ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ።
4. የማጅራት መድረቅ፣ መዘባረቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ የእግር ወይም የእጅ መዛል።
5. የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ በጣም መገርጣት።
6. ለ8 ሰዓት ያህል ሽንት አለመሽናት ወይም ከሳምንት በላይ የማይበርድ ከፍተኛ ትኩሳት።

ለእናቲቱ የምንሰጠው መልስ

እህታችን፣ ልጅዎን ወደ ሐኪም መውሰድዎ ትልቅ ሥራ ነው። አሁን ለጠየቁት መልሳችን ይህ ነው።

ስለ ኳሱ፦ ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 3 ሳምንት ሳይሞላ ምንም ዓይነት ሩጫ የለም። ከሰው ጋር የሚያጋጩ እንደ ኳስ፣ ትግልና ካራቴ ያሉት ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠብቁ፤ ከዚያም በፊት ሐኪም ይየው። በዚህ ጊዜ የውሃ ጀሪካን፣ የእህል ጆንያ አያንሳ። ከታናናሾቹ ጋርም መታገል ይቅር። ሰላቱን ቆሞ መስገድ ከደከመው ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደለት መሆኑን ይንገሩት።

ስለ ጾሙ፦ ዲናችን ለታመመ ሰው ማፍጠርን ፈቅዶ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ አድርጓል። ትኩሳት ያለበት፣ መዋጥ የሚያቅተው ሰው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ ቢውል ሰውነቱ ይደርቃል፤ ማገገሙም ይዘገያል። ረመዷን ሲገባ ልጅዎ ትኩሳት የሌለው፣ በደንብ የሚበላና የሚጠጣ ከሆነ ሐኪሙን አማክሮ ይጹም። ገና ካልጠነከረ ግን ይቆየው። ወጣቶች «ጓደኞቼ እየጾሙ እኔ እንዴት?» በማለት ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ወላጆች ልጁ እንዳያፍር በቤት ውስጥ ቀስ ብለው ሊያስረዱት ይገባል።

ስለ ሌሎቹ ልጆች፦ ልጁን ለብቻው ክፍል ዘግቶ ማስቀመጥ አያስፈልግም። ቫይረሱ ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም ለወራት በምራቅ ስለሚወጣ መዝጋቱ ጥቅም የለውም፤ ልጁንም ያሳዝነዋል። የራሱ ብርጭቆ፣ የራሱ ማንኪያ፣ የራሱ ጥርስ ብሩሽና መፋቂያ ይኑረው። ለዚህ ቫይረስ እስካሁን በሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለም።

ድካሙን በተመለከተ ደግሞ ትዕግሥት ይኑርዎት። ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ቢተኛ፣ መጽሐፍ ገልጦ ቢያንቀላፋ «ሰነፍ» አይበሉት። ሰውነቱ ከውጊያ እየተመለሰ ነው። ለመምህራኑም ቢነግሯቸው መልካም ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ በሞኖኑክሊዮሲስ የታመመ ልጅ ጉሮሮው አይቆረጥ፣ ሆዱ አይታሽ፤ ትከሻዬን አመመኝ ወይም ትንፋሽ አጠረኝ ካለ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አይደር። አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።